ስለ አሜሪካ ፖለቲካ ከእንግዳና ከአድማጭ ጋር በቀጥታ ሥርጭት ለመወያየት ዝግጅቱ ምን ይመስላል?

የቅዳሜ ማይክ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ካለ የንግድ ሬዲዮ ጣቢያ ሰዓት ገዝተን በሳምንት አንዴ የአንድ ሰዓት የአማርኛ ፕሮግራም እናቀርባለን። እስካሁን ሙዚቃና የማኅበረሰብ ዜና ነበር። አሁን ስለ አሜሪካ ወቅታዊ ፖለቲካና የውጭ ፖሊሲ እንግዳ ጋብዘን፣ ስልክ ከፍተን ማወያየት ልንጀምር ነው።

ያሳሰበን ሦስት ነገር ነው። ስልክ ሲከፈት ርእሱ ምንም ይሁን ምን ወደ አገር ቤት ፖለቲካ ይገባና ይደፈርሳል። አድማጩ ደግሞ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ያየውን "አሜሪካ ወሰነች" ብሎ ይዞ ይመጣል፤ እዚያው አየር ላይ ሆኖ ማጣራት አይቻልም። በተጨማሪ ለኖቬምበር 2026ቱ ምርጫ የሚወዳደር ሰው እንግዳ ሆኖ መቅረብ ይፈልጋል፤ ጣቢያው ግን "እኩል ሰዓት የሚባል ሕግ አለ፣ ተጠንቀቁ" ብሎናል። በሥራው ያላችሁ እስቲ አንድ በሉን።

መዝገብ ቤት

ከሁለተኛው ልጀምር፤ እሱ ከተፈታ የመጀመሪያውም ግማሹ ይቀላል። ስልክ ላይ ጠብ የሚነሳው ብዙ ጊዜ አንዱ ስለ ረቂቅ፣ ሌላው ስለ ጸደቀ ሕግ እያወራ ሁለቱም "አሜሪካ" ስለሚሉ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ርእስ ከሥርጭቱ በፊት ግማሽ ገጽ ጻፉ፦ ያደረገው አካል ማን ነው፣ በየትኛው ሥልጣን፣ ጉዳዩ ዛሬ የት ደርሷል፣ ቀጣዩ ቀን መቼ ነው። አቅራቢው ያንን አንብቦ ነው ስልክ መክፈት ያለበት።

በኢትዮጵያ ላይ ማዕቀብ እንዲጣል የሚጠይቀውን፣ ሁሉም የሚያስታውሰውን ኤች አር 6600ን ውሰዱ። በፌብሩዋሪ 2022 የኒው ጀርሲው ተወካይ ቶም ማሊናውስኪ ያቀረቡት ረቂቅ ነበር። ለተወካዮች ምክር ቤት ሙሉ ጉባኤ ለድምፅ ሳይቀርብ የ117ኛው ኮንግረስ ዘመን ጃንዋሪ 3፣ 2023 ሲያልቅ አብሮ ሞተ። በሴኔት የነበረው ኤስ 3199ም እጣው ያው ነው። በአንድ የሁለት ዓመት ኮንግረስ ከ10 ሺህ በላይ ረቂቅ ይቀርባል፤ ሕግ ሆኖ የሚወጣው ጥቂት መቶ ነው። አድማጭ "ሕጉ ወጣ" ሲል "ቁጥሩ ስንት ነው?" በሉት። ቁጥሩን ኮንግረስ ዶት ገቭ ላይ ስታስገቡ ረቂቁ ያለበት ደረጃ ከላይ ወጥቶ ይታያል። ይህንን ስልክ ተቀባዩ ሰው ደዋዩ መስመር ላይ እያለ ሊያየው ይችላል።

ከረቂቁ ጋር የሚምታታው ሌላ ነገር ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት የተነሳ የወጣው ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ 14046 ሴፕቴምበር 17፣ 2021 ተፈርሞ በዚያው ቀን ሥራ ላይ ዋለ፤ ኮንግረስ ድምፅ አልሰጠበትም። ትእዛዙ በራሱ ግን በማንም ላይ ማዕቀብ አልጣለም፣ ለመጣል የሚያስችል መሠረት ነው። በዚያ መሠረት የመጀመሪያው ማዕቀብ ኖቬምበር 12፣ 2021 ያረፈው የኤርትራን መከላከያ ሠራዊትና ገዥውን ፓርቲ ጨምሮ በኤርትራ ተቋማትና ግለሰቦች ላይ ነበር። ኢትዮጵያ ከጃንዋሪ 1፣ 2022 ጀምሮ ከአጎዋ (ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል) የወጣችው ደግሞ በሌላ ሥልጣን፣ በአጎዋ ሕግ መሠረት በፕሬዚዳንቱ ውሳኔ ነው። በሜይ 2021 ስቴት ዲፓርትመንት ያስታወቀው የቪዛ ክልከላም ሌላ ነው፤ የቪዛ መዝገብ በሕግ ምስጢር ስለሆነ የሰዎቹ ስም አይወጣም። "እገሌ ዝርዝሩ ውስጥ አለ" የሚል ደዋይ ሲመጣ ይህችን መልሱለት። ሦስቱንም በአንድ "ማዕቀብ" ከጠራችሁ ውይይቱ ሳይጀመር ተበላሸ።

ኪስ የሚነካውን ምሳሌ ልጨምር፤ ከዚህ የበለጠ ስልክ የሚያስደውል ርእስ የለም። ወደ ውጭ በሚላክ ገንዘብ ላይ የሚጣለው ታክስ በሜይ 2025 በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ 5 በመቶ ነበር፣ ዜጋ ያልሆነን ሰው ብቻ የሚነካ። የተወካዮች ምክር ቤት ሲያሳልፈው 3.5 በመቶ ሆነ። ጁላይ 4፣ 2025 የተፈረመው ሕግ ግን 1 በመቶ ብቻ ነው፤ የሚመለከተውም በጥሬ ገንዘብ፣ በመኒ ኦርደር ወይም በካሺየርስ ቼክ የተከፈለን ነው፤ ከጃንዋሪ 1፣ 2026 ጀምሮ፤ ዜጋም ይሁን አይሁን። ከአሜሪካ ባንክ ሂሳብ ወይም እዚሁ በተሰጠ ዴቢትና ክሬዲት ካርድ የተላከ ታክሱ አይነካውም። "5 በመቶ ሊወስዱብን ነው" የሚለው ቪዲዮ ዛሬም እየዞረ ነው፤ የሠራው ሰው ላይዋሽ ይችላል፣ በሜይ የነበረውን ነው የሚናገረው።

የኮንትሮል ክፍል

እኔ ስለ ዕቃው ልበል። የጣቢያው መዘግያ (ድምፁ አየር ላይ ከመውጣቱ በፊት የሚቆይበት) ስንት ሰከንድ እንደሆነ ጠይቁ፤ ሰባት ስምንት ሰከንድ የተለመደ ነው። ያልተፈለገ ንግግር ሳይወጣ የምትቆርጠዋ፣ ዳምፕ የምትባለዋ ቁልፍ ማን እጅ እንደሆነችም ከወዲሁ ይለይ፤ አማርኛ የማይሰማ የጣቢያው ኦፕሬተር ከሆነ ዋጋ የላትም፣ የእናንተ ሰው አጠገቡ መቀመጥ አለበት። አንዴ ስትጫን የተጠራቀመው ሰከንድ ተበልቶ ያልቃል፤ መሣሪያው ድምፁን ቀስ በቀስ እየሳበ እስኪሞላ ድረስ መከላከያ የላችሁም። የተቆረጠው ደዋይ ወዳጅ ወዲያው ደውሎ ያንኑ ስድብ ቢደግመው ቀጥታ ይወጣል። ስለዚህ ከጫናችሁ በኋላ ወዲያው ሌላ ስልክ አታንሱ፤ ማስታወቂያ ወይም እንግዳው ይሙላው። በነገራችን ላይ ጸያፍ ንግግርን የሚመለከተው ደንብ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ይሠራል፤ በአማርኛ መባሉም አያድንም።

የስልክ ድምፅ የሚያስተጋባው ደዋዩ የራሱን ድምፅ ከሚክሰሩ ተመልሶ ሲሰማ ነው። ወደ ስልኩ የሚላከው መስመር ከደዋዩ በስተቀር ሁሉንም የያዘ መሆን አለበት፤ ሚክስ ማይነስ የሚሉት እሱን ነው። ከሪያድ ወይም ከአዲስ አበባ በዋትስአፕ የሚገባ ደዋይ ካላችሁ ላፕቶፑ የራሱ የተለየ መውጫ ይኑረው፤ አለበለዚያ ሁለት ደዋዮች መሰማማት አይችሉም። "ሬዲዮዎን ይቀንሱ" የሚለውን አየር ላይ አትበሉ፤ ስልክ ተቀባዩ ከማስገባቱ በፊት ይበለው። በኢንተርኔት የሚከታተል ሰው ከናንተ ግማሽ ደቂቃና ከዚያም በላይ ወደ ኋላ ስለሚቀር ሳይዘጋው ከገባ መነጋገር አይቻልም።

ስልክ ተቀባዩ ስም፣ ከተማና ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊለው ያልቻለ ሰው አየር ላይም አይችልም። ደውሎ የገባ ሰው ድምፁ እንደሚተላለፍ ያውቃል ተብሎ ይወሰዳል፤ እናንተ መልሳችሁ ከደወላችሁለት ግን ከመቅዳታችሁም ከማስተላለፋችሁም በፊት ልትነግሩት ይገባል።

የዳር ተመልካች

እጩውን ተዉት ባይ ነኝ። ጣጣው ብዙ ነው።

የፋይል ሰው

መተው አያስፈልግም፤ ሕጉ የሚፈራውን ያህል አይደለም። የ1934ቱ የኮሙኒኬሽን ሕግ አንቀጽ 315 የሚለው፦ ጣቢያ አንድን በሕግ የተመዘገበ እጩ ካቀረበ ለዚያው ወንበር የሚወዳደሩት ሌሎች እኩል ዕድል መጠየቅ ይችላሉ። መጠየቅ ያለባቸው እነሱ ናቸው፣ በሰባት ቀን ውስጥ። እናንተ ደውላችሁ የመጋበዝ ግዴታ የለባችሁም። ከቅድመ ምርጫ በፊት ከሆነ ተፎካካሪ የሚባሉት በዚያው ፓርቲ ውስጥ የሚወዳደሩት ብቻ ናቸው። መብቱ የእጩው የራሱ ነው፤ ደጋፊው ወይም ቃል አቀባዩ ቢቀርብ አንቀጹ አይሠራም።

እውነተኛ የዜና ቃለ ምልልስ ከዚህ ነፃ ነው። ነገር ግን ነፃ የሚሆነው ፕሮግራሙ በመደበኛ ሰዓት የሚቀርብ ሲሆን፣ ጥያቄውንና አካሄዱን አቅራቢው ሲቆጣጠርና እንግዳው በዜናነቱ ሲመረጥ ነው። ገና የተከፈተ ፕሮግራም፣ ምርጫው ሲቃረብ አንድ እጩ ብቻ አቅርቦ፣ አቅራቢው "ድምፃችሁን ለእሳቸው" እያለ፣ በመሃል የመዋጮ አድራሻ ቢነበብ ዜና ነው ብሎ መከራከር ይከብዳል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሳምንት እጩ አታስገቡ፤ ጥቂት መደበኛ ዝግጅት ይለፍ፣ ጥያቄዎቹ በእጃችሁ ተጽፈው ይቆዩ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ለጣቢያው አሳውቁ። እጩው ወይም ወዳጁ ለዚያ ሰዓት ገንዘብ ከከፈለ ጉዳዩ ይለወጣል፤ ማን እንደከፈለ አየር ላይ መነገር አለበት፣ ጣቢያውም ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፖለቲካ ፋይሉ ውስጥ ያስገባዋል።

ሰው ከዚህ ጋር የሚያደባልቀው ፌርነስ ዶክትሪን የሚባለውን ነው። አከራካሪ ጉዳይ ላይ ሁለቱንም ወገን አቅርቡ የሚለው እሱ በ1987 ተሽሯል። "ሕጉ ያስገድዳችኋልና እኔንም አቅርቡኝ" የሚል ተንታኝ ቢመጣ መሠረት የለውም። ፌስቡክና ዩቲዩብ ላይ ብቻ የምታወጡትን ደግሞ አንቀጽ 315 አይመለከተውም። ፕሮግራሙ የሚቀርበው በ501 ሲ 3 (ከታክስ ነፃ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሆኖ) በተመዘገበ ማኅበር ስም ከሆነ ግን ከ1954 ጀምሮ ያለው የታክስ ሕግ እጩ መደገፍም መቃወምም ይከለክላል። የምርጫ ምዝገባ ቀን መንገር ይቻላል።

የቅዳሜ ማይክ

እግዚአብሔር ይስጥልን። በማኅበር ስም አይደለም፣ በንግድ ፈቃድ ነው። እንግዳ በሚመለከትስ? አንዳንዱ "ተንታኝ" ተብሎ ይመጣና በኋላ የማን ሰው እንደሆነ ይወራል። ደግሞም አገር ቤት ፖለቲካን ጨርሶ እንዝጋው የሚል ሐሳብ አለን።

ባለ ሁለት ጆሮ

እሱን አትዝጉ። አማርኛ አድማጭ ስለ አሜሪካ የውጭ ፖሊሲ የሚደውለው ሁለቱ የሚገናኙበትን ሊጠይቅ ነው። መግቢያውን ግን እናንተ ምረጡት። ግድቡን ውሰዱ። ርእሱን "ግድቡና ግብፅ" ካላችሁት ያለቀለት ነው። "ዋሽንግተን በግድቡ ላይ ምን ዓይነት መሣሪያ አላት?" ካላችሁት ግን የሚያዝ ነገር አለ፦ በ2020 ድርድሩን ስቴት ዲፓርትመንት ሳይሆን የገንዘብ ሚኒስትሩ ስቲቨን ምኑሽን ለምን መራው፣ በዚያው ዓመት የተወሰነ እርዳታ መታገዱ፣ በፌብሩዋሪ 2021 የባይደን አስተዳደር እርዳታውን ከግድቡ ጉዳይ መለየቱ። ትራምፕ በ2025 ደጋግመው "ግድቡ በአሜሪካ ገንዘብ ተሠራ" ብለዋል፤ ለዚህ መልሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጽፎ ጠረጴዛ ላይ ይጠብቅ፦ ግንባታው የተከፈለው በመንግሥት ገንዘብ፣ በቦንድና በሕዝብ መዋጮ ነው። እንግዳው ፈጥኖ ባይመልስ አቅራቢው ያንብበው።

እርዳታንም እንዲሁ። "ዩኤስኤይድን ትራምፕ ብቻውን ዘጋው" እና "ኮንግረስ አጽድቆታል" የሚሉ ሁለት ደዋዮች ሊጣሉ ይችላሉ፣ ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል። ጃንዋሪ 20፣ 2025 ለ90 ቀን ያገደው ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ ነው፤ ጁላይ 1 ሥራው ወደ ስቴት ዲፓርትመንት ተዛወረ፤ በዚያው ወር ኮንግረስ አስቀድሞ የመደበውን 9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ መልሶ ሰረዘ፣ አብዛኛው የውጭ እርዳታ ነበር። ሴኔት ውስጥ 51 ለ48 ያለፈው በ1974ቱ የበጀት ሕግ መሠረት እንዲህ ያለ ስረዛ የ60 ድምፅ እንቅፋት ስለሌለበት ነው።

እንግዳን በሚመለከት፣ ከመጋበዛችሁ በፊት ስሙንና ድርጅቱን በፍትሕ ሚኒስቴር የፋራ መዝገብ ውስጥ ፈልጉ። የ1938 ሕግ ነው፤ ለውጭ መንግሥት በክፍያ የሚሟገት ሰው ይመዘገባል፣ ውሉም ተያይዞ ይታያል፣ በአገር ስም መፈለግ ይቻላል። ተመዝግቦ ቢገኝም መጋበዝ አልተከለከለም፤ "የእገሌ አገር መንግሥት ወኪል ሆነው የተመዘገቡ" ተብሎ ይተዋወቅ። በመዝገቡ አለመኖሩ ደግሞ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ "በዚህ ጉዳይ ላይ ማን ይከፍልዎታል?" ብላችሁ ቀድማችሁ በስልክ ጠይቁት። እናንተም ሰዓት ገዢ ስለሆናችሁ የውጭ መንግሥት ገንዘብ እንደሌለበት ጣቢያው ልታረጋግጡለት ሊጠይቃችሁ ይችላል፤ አትቀየሙ።

ሰዓቱን እንዲህ ብትከፍሉት ይሻላል፦ የመጀመሪያዎቹን 8 ደቂቃ ለግማሽ ገጿ፣ 15 ለእንግዳው፣ ከዚያ ስልክ። ስልኩን በሁለት ዙር አድርጉት። በመጀመሪያው ጥያቄ ብቻ፣ ሦስት ሦስት ደዋይ አከታትላችሁ አስገቡና እንግዳው በአንድነት ይመልስ፤ ደዋይና እንግዳ ፊት ለፊት እንዳይያያዙ ያደርጋል። አስተያየት በሁለተኛው ዙር፣ በሰው 60 ሰከንድ።

መዝገብ ቤት

አንድ ነገር ቀርቶናል። ውይይቱ ሲሞቅ አድማጭ "ታዲያ ምን እናድርግ?" ይላል፤ አቅራቢውም "ለኮንግረስ ደውሉ" ብሎ ያልፋል። የካፒቶል ማዞሪያ 202-224-3121 ነው፤ ደዋዩ የሚናገረው የሚኖርበትን ዚፕ ኮድ፣ የረቂቁን ቁጥርና "ደግፉ" ወይም "ተቃወሙ" የሚለውን ነው፣ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። የራሱ ወረዳ ላልሆነ ተወካይ መደወል ጥቅሙ ትንሽ ነው፣ ቢሮዎቹ የሚቆጥሩት የመራጫቸውን ነው። የአሌክሳንድሪያና የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ አንድ ተወካይና ሁለት ሴናተር አለው። ዲሲ የሚኖረው ግን ሴናተር የለውም፤ ያለችው የምክር ቤት ልዑክ ኮሚቴ ውስጥ ድምፅ ትሰጣለች፣ በሕግ የመጨረሻ ድምፅ ላይ ግን አትሰጥም። ስለዚህ ለዲሲ አድማጭ የሚጠቅመው ረቂቁ ገና ኮሚቴ እያለ መደወል ነው፤ ይህን ለይታችሁ ንገሩ።