«ሙሉ ጤነኛ የሆነ/ች» የሚል መስፈርት ሕጋዊ ነው? ዓይነ ስውርና ዊልቸር ተጠቃሚ አመልካቾች አሉን

ጥያቄ (ቅጥር_ክፍል)፦
አዲስ አበባ ውስጥ ያለ፣ 40 ሠራተኞች ያሉት የግል ድርጅት ነው። ለሒሳብ ሠራተኛ ባወጣነው ማስታወቂያ ላይ «ሙሉ ጤነኛ የሆነ/ች» የሚል መስፈርት ገብቷል። ሰነዳቸው ከተሟላው አመልካቾች አንዱ ዓይነ ስውር ነው፤ አንዲቷ በዊልቸር ትንቀሳቀሳለች። የጽሑፍ ፈተናው በሚቀጥለው ሳምንት አንደኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለም፣ መግቢያው ላይም ሦስት ደረጃ አለ። ሥራ አስኪያጁ «ሥራው ዓይን ይፈልጋል፤ ሰዎቹን ለምን እናንገላታለን» ይላሉ። ከፈተናው በፊት ማስቀረት ይቻላል? ካልተቻለ እስከ ምን ድረስ ነው የማዘጋጀት ግዴታችን?

የሥራ_ሕግ፦
ማስቀረት አይቻልም። መስፈርቱንም አውጡት። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ብቻ ሳይሆን የግል አሠሪንም ይይዛል። አንቀጽ 5ን ረጋ ብላችሁ አንብቡት፦ የአካል ጉዳተኛን እኩል ዕድል የሚያጣብብ የመምረጫ መስፈርት አድልዎ ነው፤ ተመጣጣኝ ማመቻቸት (አካል ጉዳተኛው እንዲፈተንና እንዲሠራ የሚያስፈልገውን ማስተካከያ) አለማድረግም በራሱ አድልዎ ነው። ብዙ አሠሪ «እኛ አልከለከልንም፣ ፈተናው ለሁሉም አንድ ነው» ብሎ የሚሸነፈው ይህችን ሁለተኛዋን ስለማያውቃት ነው።

በሕጉ የተተወላችሁ በር «የሥራው ጠባይ ግድ የሚለው» የሚለው ነው። ይህ በሥራ አስኪያጅ ግምት አይወሰንም። የሥራ ዝርዝሩን አውጡና እያንዳንዱ ተግባር ምን ውጤት እንደሚፈለግበት ጻፉ፤ በምን ዘዴ እንደሚሠራ አትጻፉ። መመዝገብ፣ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ፣ ደመወዝ መሥራት፣ ግብር ማሳወቅ፤ እነዚህ ሁሉ ኮምፒውተር ላይ ናቸው። ዓይን የሚጠይቀው የወረቀት ደረሰኝ ማየት ብቻ ሆኖ ከተገኘ ያን ከሌላ ሠራተኛ ጋር በሥራ ክፍፍል ማለዋወጥ ይቻላል። መኪና ለማይነዳ የሥራ መደብ መንጃ ፈቃድ የሚጠይቁ ማስታወቂያዎችም በዚሁ ሚዛን ይወድቃሉ።

ሁለተኛው በር «የማይሸከሙት ጫና» ነው። አዋጁ ሚዛኑን ራሱ አስቀምጦታል፦ የማመቻቸቱ ዓይነትና ወጪው፣ የድርጅቱ ስፋትና አወቃቀር፣ የሥራ ማስኬጃ ወጪው፣ የሠራተኛው ብዛትና ስብጥር። ዋጋ ሳትጠይቁ «ውድ ነው» ማለት ማስረጃ አይሆንም።

በአንቀጽ 7 መሠረት አመልካቹ አድልዎ ተፈጸመብኝ ብሎ ሲከስ የማስረዳት ሸክም የለበትም፤ አለማዳላታችሁን የምታስረዱት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ምን እንደተጠየቃችሁ፣ ምን እንዳቀረባችሁ፣ ምን እንደተሞከረና ለምን እንዳልሠራ ቀን እየጻፋችሁ ያዙ። ክሱን አመልካቹ ብቻ ሳይሆን አባል የሆነበት ማኅበርም ሊያቀርበው ይችላል።

ስክሪን_ሪደር፦
ለዓይነ ስውሩ መጀመሪያ ደውሉና በምን መንገድ መፈተን እንደሚፈልግ ጠይቁት። ብሬይል አዘጋጅታችሁ አትጠብቁት፤ የዓይን ብርሃኑን አድጎ ያጣ ሰው ብሬይል ላያነብ ይችላል። ምርጫዎቹ ብዙ ጊዜ ሁለት ናቸው።

አንደኛው ኮምፒውተር ላይ መፈተን ነው። ኤንቪዲኤ የተባለው ስክሪን ሪደር (ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) በነጻ ይወርዳል፣ ዊንዶውስ ላይ ይሠራል፤ አብሮት ያለው ኢስፒክ የተባለ የድምፅ ፕሮግራም አማርኛም ያነባል። ድምፁ የሮቦት ነው፣ ለለመደው ግን ችግር የለውም። አማርኛና እንግሊዝኛ የተቀላቀለበት ፈተና ከሆነ የድምፅ ቋንቋውን በቁልፍ መቀያየር እንዲችል ቀድሞ ያስተካክለው፤ የእንግሊዝኛው ድምፅ ፊደላችንን በወጉ አያነበውም።

የሚያሰናክለው ሌላ ነገር ነው፦ ፎንቱ። ፈተናው ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ኮድ የሚሰጥ የኮምፒውተር ደረጃ) ባልሆነ የድሮ የግዕዝ ፎንት ከተጻፈ እናንተ ስክሪኑ ላይ ጥርት ያለ አማርኛ ታያላችሁ፤ ከሥር ያለው ኮድ ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ስለሆነ ስክሪን ሪደሩ ትርጉም የሌለው ነገር ይለፈልፋል። መፈተሻው ቀላል ነው፦ አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ኖትፓድ ላይ ለጥፉ፣ ፎንቱንም ኒያላ ወይም ሌላ የዩኒኮድ አማርኛ ፎንት አድርጉት። አማርኛው ከጠፋ እንደገና በዩኒኮድ ይተየብ። ስካን የተደረገ ፒዲኤፍም ፎቶ ነው፤ ጭራሽ አይነበብም። ኤክሴል ላይ ደግሞ የተዋሐዱ ሴሎችን ፍቱ፤ አድማጩ የትኛው ቁጥር በየትኛው ርዕስ ሥር እንዳለ የሚጠፋበት እዚያ ነው።

ሁለተኛው አንባቢና ጸሐፊ መመደብ ነው። ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ይሁን፤ ሠንጠረዥ ሲያነብ ረድፉን ከነርዕሱ ይበል፣ ሳያብራራ ያንብብ። ክፍሉ ለብቻ ይሁን፤ አለበለዚያ ሌላው ተፈታኝ መልሱን ይሰማል። አንድ ሰዓት የተሰጠውን ፈተና አንድ ሰዓት ተኩል አድርጉለት፤ በማድመጥ ወደ ኋላ ተመልሶ ቁጥር መፈለግ ጊዜ ይበላል።

ከተቀጠረ በኋላ የሒሳብ ሶፍትዌራችሁን ሳይረፍድ ፈትሹት። ማውሱን ንቀሉና አንድ የክፍያ ቫውቸር በታብና በአሮው ቁልፎች ብቻ ከመክፈት እስከ ማስቀመጥ ድረስ ሥሩ። ማስቀመጫው ጋ መድረስ ካልቻላችሁ እሱም አይደርስም። ስም ያልተሰጠው አዝራር ደግሞ «በተን» ብቻ ተብሎ ይነበባል፤ «አስቀምጥ» ይሁን «ሰርዝ» አይለይም።

ፎርማን፦
የመግቢያውን ነገር ልንገራችሁ። ለፈተናው ራምፕ አትሥሩ፣ ሰዉን ወደ ምድር ቤት አውርዱት። ከነዊልቸሯ ተሸክመን እናወጣታለን የሚለውን እርሱት፤ አደገኛም ነው፣ አዋራጅም ነው። ሦስቱን ደረጃ ግን ምድር ቤትም ቢሆን አታመልጡትም፤ የኋላ ወይም የመኪና መግቢያ በር ካለ ደረጃ አልባ መሆኑን እዩ፣ ከሌለ ፈተናውን ሌላ ቦታ አድርጉት። ለሁሉም ተፈታኞች ማለቴ ነው።

ለዘለቄታው ራምፕ (ለዊልቸር የሚሆን ተዳፋት መግቢያ) ሲሠራ ስሌቱ 1 ለ12 ነው፤ ለ1 ከፍታ 12 ርዝመት ማለት ነው። ሦስት ደረጃ እያንዳንዱ 15 ሳንቲሜትር ቢሆን ከፍታው 45 ነው፤ 45 በ12 ሲባዛ 5 ሜትር ከ40። በየቦታው የምናየው የ1.5 ሜትር ራምፕ ለጋሪ እንጂ ለዊልቸር አይደለም፤ ተዳፋቱ 30 በመቶ ስለሚሆን ወንበሩን ወደ ኋላ ይገለብጠዋል። ቦታ ከጠበበ ሁለት 2.7 ሜትር አድርጋችሁ መሀል ላይ 1.5 በ1.5 ማረፊያ ይኑረው፣ ከላይም ከበሩ ፊት እንዲሁ፤ ያ ከሌለ በሩን ስትከፍት ወንበሩ ወደ ታች ይንሸራተታል። ስፋቱ 1.2 ሜትር፣ መደገፊያው በሁለቱም በኩል 90 ሳንቲሜትር አካባቢ። የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ አታልብሱት፤ ሲሚንቶው ሳይደርቅ በመጥረጊያ ይጫር።

በር ሲለካ ክፍት ሆኖ ከበሩ ፊት እስከ መቃኑ ነው፤ ከ80 ሳንቲሜትር ማነስ የለበትም። ደፉ ከ2 ሳንቲሜትር ካለፈ የፊት ትንንሽ ጎማዎችን ይይዛል። ሽንት ቤቱ ወደ ውጭ የሚከፈት በርና 1.5 ሜትር የመዞሪያ ቦታ ይፈልጋል። ብዙ ሕንጻ ራምፕ ሠርቶ ይኩራራና የሽንት ቤቱ በር 60 ሆኖ ይገኛል።

ቅጥር_ክፍል፦
እጅግ እናመሰግናለን፤ የፈተና ቦታውን ቀይረናል። ሁለት ነገር ቀረን። ሕንጻው የኪራይ ነው፤ ባለቤቱ ራምፕ አላሠራም ቢልስ? ደግሞ ረዳት መመደብ ካስፈለገ ወጪውን ከደመወዙ ላይ ማካፈል ይቻላል?

የሥራ_ሕግ፦
ደመወዙን አትንኩ። በአካል ጉዳት ምክንያት ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም ማሳነስ ክልክል ነው። ረዳት መመደብም በአንቀጽ 6 ከአሠሪ ግዴታዎች አንዱ ሆኖ ተጽፏል፤ ሙሉ ቀን የሚቀመጥ ሰው ማለት ግን ላይሆን ይችላል። ወረቀት ስካን የሚያደርግና የሚያነብ ሠራተኛ በቀን አንድ ሰዓት ቢመደብ የሚበቃበት ሁኔታ ብዙ ነው። ከሠራተኛው ጋር ተነጋግራችሁ ለሁለት ሳምንት ሞክሩትና ሰዓቱን አስተካክሉ።

ለአከራዩ በጽሑፍ ጠይቁ። የ2001ዱ የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንጻ ዊልቸር ለሚጠቀሙም ደረጃ መውጣት ለማይችሉም የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ዛሬ በሥራ ላይ ያለውን የሕንጻ ሕግ አረጋግጣችሁ ደብዳቤው ላይ ጥቀሱት። እምቢ ካለ ደብዳቤውና መልሱ ፋይላችሁ ውስጥ ይቀመጥ፤ ግን የእሱ እምቢታ እናንተን ከግዴታ አያወጣም። ምድር ቤት ጠረጴዛ መስጠት ከአከራዩ ፈቃድ አይጠይቅም።

ሌላ የምትሰናከሉበት ቦታ የሙከራ ጊዜ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ሶፍትዌሩ ሳይስተካከል 50ው ቀን አልፎ «አልቻለም» ብሎ ማሰናበት፣ የሥራ ብቃት ምዘና ሳይሆን ማመቻቸት መከልከል ተብሎ ነው የሚነበበው። ማመቻቸቱ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ዝግጁ ይሁን፤ የመጀመሪያው ምዘና ላይም ምን እንደተሟላና ምን እንደቀረ ይጻፍ።

የሠራተኛ_ወገን፦
ከሌላው ወገን ሆኖ ለሚያነብ አንዲት ነገር ልጨምር፦ ከሥራ የተሰናበተ ሰው ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚለውን ክስ ማቅረብ ያለበት በ3 ወር ውስጥ ነው፤ ያልተከፈለ ደመወዝ ደግሞ 6 ወር አለው። በሽምግልና ስትመላለሱ ሦስቱ ወር እንዳያልፍባችሁ። ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክርክር የዳኝነት አይከፍልም። የጠየቃችሁትን ማመቻቸት በቃል ብቻ አትተዉት፤ ኢሜይልም ሆነ የቴሌግራም መልእክት ቀኑ የሚታይበት ጽሑፍ ይኑራችሁ።