ሴት ቴክኒሺያን ሳይት ለመውጣት እንዴት ትጠይቅ?

ሰላም ወገኖች፣ ምክር ፈልጌ ነው። ካዛንቺስ አካባቢ ባለ የአፈር ምርመራ ድርጅት የላብራቶሪ ቴክኒሺያን ነኝ። ከቴክኒሺያኖቹ ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ከእኔ በኋላ የተቀጠሩት ወንዶች ቁፋሮ ሳይት ይላካሉ። ውሎ አበሉ ሲደመር ገቢያቸው ከእኔ በጣም ይበልጣል።

"ለሴት ይከብዳል" ይሉኛል። የኤስፒቲ (ጉድጓዱ ውስጥ የአፈሩን ጥንካሬ በመዶሻ ምት ብዛት የምንለካበት ሙከራ) መዶሻ 63.5 ኪሎ ነው፣ እውነት ነው። ግን እኛ ጋ የሚያነሳው ማሽኑ እኮ ነው! የቴክኒሺያኑ ሥራ ምቱን መቁጠር፣ ናሙናውን መለየትና መመዝገብ ነው። ዋልካ አፈርን ደግሞ በደንብ አውቀዋለሁ፤ ላብራቶሪ የምፈትሸው እሱን ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በፆታ ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። በደብዳቤ ልጠይቅ ወይስ መጀመሪያ ኃላፊውን ላናግረው? ሳይት የምትሠሩ እህቶች፣ እንዴት ገባችሁ? አበላችሁስ ከወንዶቹ እኩል ነው?