የድሮዎቹ የግብፅ አስከሬን ፊልሞች ምናቸው ነው እንዲህ የሚይዘው?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቦሪስ ካርሎፍ የተወነበትን የ1932ቱን (እ.ኤ.አ.) «ዘ ማሚ» ትናንት ማታ አየሁት። በጨርቅ የተጠቀለለው አስከሬን የሚታየው መጀመሪያ ላይ ለትንሽ ደቂቃ ነው። ከዚያ ወዲያ ሩጫ የለም፣ ደም የለም። ግን እንቅልፍ ነሳኝ። የዘንድሮ ሆረር እንዲህ አድርጎኝ አያውቅም። ምኑ ነው? ቀጥሎስ የቱን ልይ?

መልስ፦ እኔ የቲያትር ሜካፕ ሠሪ ነኝ፤ መጀመሪያ የማየው ፊቱን ነው። የፊልሙ ሜካፕ ሠሪ ጃክ ፒርስ ካርሎፍን ለዚያች አጭር ትዕይንት ለማዘጋጀት ስምንት ሰዓት ገደማ ፈጅቶበታል። ጥጥ ኮሎዲዮን በሚባል ፈሳሽ ማጣበቂያ ፊቱ ላይ ለጠፈበት። ኮሎዲዮን ሲደርቅ ቆዳ ይሰበስባል፤ ያ ሁሉ መጨማደድ የመጣው ከዚያ ነው። ካርሎፍ እንዴት እንደቻለው እንጃ!

ይህን ሁሉ ተለፍቶበት ግን ካሜራው አይንሰፈሰፍም። ዓይኑ በትንሹ ይገለጣል። እጁ ከደረቱ ላይ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ሲሄድ ደግሞ የምታየው መሬት ላይ የሚጎተተውን የጨርቅ ጫፍ ብቻ ነው። ከዚያ የወጣቱ አርኪዮሎጂስት የእብደት ሳቅ። ሌላውን ራስህ ሞላኸው፤ እንቅልፍ የነሳህ እሱ ነው። ዳይሬክተሩ ካርል ፍሮይንድ እኮ «ሜትሮፖሊስ» የተባለውን ታዋቂ ድምፅ አልባ ፊልም ከቀረጹት ካሜራማኖች አንዱ ነው። ምን እንደሚያሳይና ምን በጨለማ እንደሚተው ያውቃል።

ደግሞ ኢምሆቴፕ፣ ካርሎፍ የሚጫወተው አስከሬን፣ ያሳዝናል። ከነሕይወቱ የተቀበረው የሞተች ፍቅረኛውን ሊያስነሳ ስለሞከረ ነው። ከ3,700 ዓመት በኋላ ሲነቃም የሚፈልገው እሷኑ ነው። እኔ ስፈራውም አንጀቴን ይበላኛል።

መልስ፦ እህቴ ጥሩ ብላለች። እኔ ጊዜውን ልጨምር። እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ሃዋርድ ካርተር የፈርዖን ቱታንካሙንን መቃብር ያገኘው በኅዳር 1922 ነው። ገንዘቡን ያወጣው ሎርድ ካርናርቮን በሚያዝያ 1923 ካይሮ ውስጥ ሞተ። የወባ ትንኝ ንክሻ አመርቅዞበት ነው፤ ጋዜጦቹ ግን «የፈርዖን እርግማን» አሉት። የፊልሙን ጽሑፍ የጻፈው ጆን ባልደርስተንም ጋዜጠኛ ሆኖ ስለዚያው መቃብር ዘግቧል። ተመልካቹ ሲኒማ ቤት የገባው ወሬውን ጠግቦ ነው። ካርተር ራሱ እስከ 1939 መኖሩን ማን ያስታውሳል?

መልስ፦ ቀጥሎ ሃመር የተባለው የእንግሊዝ ስቱዲዮ በ1959 የሠራውን «ዘ ማሚ» እይ። በቀለም ነው፤ ክሪስቶፈር ሊ ከረግረግ ውስጥ ጭቃ እያንጠባጠበ ሲወጣ ታያለህ። ለእኔ ከካርሎፍ ይበልጣል። ሲነቃ ምላሱ የተቆረጠ ነው፤ ሁሉን ነገር በዓይኑ ነው የሚናገረው።

የሜካፕ ሠሪዋ፦ በዓይኑ እስማማለሁ፤ ይበልጣል በሚለው ግን አልስማማም። የ1940ውን «ዘ ማሚስ ሃንድ» በመሃል አስገባው። በትንሽ በጀት ስለተሠራ ከ1932ቱ ፊልም ትዕይንት ወስዶ ይጠቀማል። ካርሎፍን ገና ስላየኸው የትኛው ቦታ ላይ እንደሆነ ወዲያው ትለየዋለህ።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ማታ የ1940ው፣ ቅዳሜ ክሪስቶፈር ሊ።