እማዬን እያራመድኩ መቼ ላስቁማት?

እማዬ ሥር በሰደደ የሳንባ ሕመም እዚህ ባሕር ዳር ሆስፒታል ተኝታለች። ሲጋራ አጭሳ አታውቅም። ዕድሜዋን ሙሉ በእንጨት እሳት እንጀራ ስትጋግር፣ ጠላ ስትጠምቅ የኖረች ናት። የማጀት ጭስ ነው የጎዳት አሉን።

ፊዚዮቴራፒስቱ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ትራመድ፣ ከወንበር መነሣት መቀመጥም ትለማመድ ብሏል። ጡንቻ ካልሠራ ይዝላል፤ ያኔ ትንሿም ሥራ ትንፋሽ ታሳጥራለች። ገብቶኛል፣ አምኜበታለሁም። ጭንቁ ስንጀምር ነው። ኮሪደሩን ጋመስ ሳናደርግ ግድግዳ ትደገፋለች። ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል። እንዳስተማሯት ከንፈሯን አሹላ ትንፋሿን ቀስ ብላ ታስወጣለች። ጣቷ ላይ ያለው የኦክስጅን መለኪያ ወደ 90 በመቶ ሲወርድ እኔ በፍርሃት እንቀጠቀጣለሁ። አክስቶቼ ደግሞ "ልትገድያት ነው እንዴ? ተያት ትተኛ!" ይሉኛል።

በሙያው ያላችሁ፣ ያስታመማችሁም፣ እባካችሁ ምከሩኝ። ስታለከልክ ወዲያው ላስቀምጣት ወይስ አረፍ አድርጌ ላስቀጥላት? ቁጥሩ ስንት ሲደርስ ነው የግድ የሚቆመው? ከሆስፒታል ስትወጣስ? ቤታችን ለጣና ቅርብ ነው፣ መንገዱም ሜዳ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ላራምዳት አስቤያለሁ። ግን ቤት ውስጥ ኦክስጅን የለንም። ነገም ልምምድ አለባት፣ ቶሎ ብትመልሱልኝ።