ኮምቦልቻ ኤርፖርት ወርዶ ሐይቅ ለመድረስ ምን ይሻላል?

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴን ይዤ ከአዲስ አበባ ወደ ኮምቦልቻ ልበር ነው፤ መድረሻችን ሐይቅ ነው። ጉልበቷን ስለሚያማት መኪና መቀያየር ይከብዳታል። ከኤርፖርቱ በቀጥታ የሚወስድ አለ? ወይስ ደሴ እንደር? ቲኬቱ ላይ 07:00 የሚለውስ ጠዋት 1 ሰዓት ነው አይደል?

የሐይቅ ልጅ፦ አዎ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ነው። ኤርፖርቱ በር ላይ «ሐይቅ፣ ሐይቅ» የሚል ሚኒባስ ግን አትጠብቂ። የተለመደው በባጃጅ ኮምቦልቻ መናኸሪያ፣ ከዚያ በሚኒባስ ደሴ፣ ደሴ ላይ ደግሞ የሐይቅ መኪና መያዝ ነው። ይሄ ሁሉ መውጣት መውረድ ለእማማ አይሆንም፤ ኮንትራት ያዢ። ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሐይቅ ደግሞ ከደሴ ሌላ 30 ያህል። በደሴ ዋጋ ተነጋግረሽ መንገድ ላይ «ሐይቅ ነን» ካልሽው ሹፌሩ የፈለገውን ይጠራብሻል። ሻንጣው ሳይጫን እስከ ደጃፋችሁ ተዋዋዪ።

ቆጣቢው፦ ለአውሮፕላን ምን አስወጣሽ? በአውቶቡስ አይሻልም?

የሐይቅ ልጅ፦ 400 ኪሎ ሜትር በዚያ ጉልበት? ተው እንጂ ወንድሜ።

ወሎዬዋ፦ ሐረጎን ማንም አላነሳም! ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስትወጡ ዳገቱና ጥምዝምዙ ሆድ ያገላብጣል። እናትሽን ጋቢና አስቀምጫት፤ ቁርስ ቀለል ያለ ትብላ፣ ፌስታልም ያዢ። ጋቢዋን ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቺው፤ ኮምቦልቻ ሞቋችሁ ደሴ ላይ ብርዱ ይቀበላችኋል።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። አውሮፕላኑ ላይ መውጣቱስ?

መንገደኛው፦ የአገር ውስጥ በረራ ላይ ብዙ ጊዜ የሚመደበው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ነው። ደረጃው አጭር ቢሆንም ጠባብ ነው። ቲኬት ቢሮ ደውለሽ ዊልቸር አስመዝግቢላት፤ መነሻችሁ ቦሌ ተርሚናል 1 ነው። ከመቀመጫ በላይ ያለው ዕቃ ማስቀመጫ ትንሽ ስለሆነ ባለ ጎማውን ሻንጣ ለጭነት ስጪው። በጠዋት መብረራችሁ ጥሩ ነው፣ ደሴ ማደር አያስፈልግም። በረራው ዘግይቶ ከመሸባችሁ ግን ሌሊት አትንቀሳቀሱ፣ እዚያው ኮምቦልቻ እደሩ። ከቤት ሳትወጡም ሐይቅ ላለ ዘመድ ደውላችሁ የመንገዱን ነገር ጠይቁ።