ክርክር፦ ለአዲስ ሰው ሊኑክስ ጭነን እንስጠው ወይስ ራሱ ይጫን?

የአቶቴው፦
ቅዳሜ የሆነውን ልንገራችሁና ተከራከሩበት። መናኸሪያ አካባቢ ጽሕፈት ቤት ያላት እህታችን (እዚሁ አለች፣ አስፈቅጃታለሁ) አሮጌ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ወደ 11 እንዳትሻገር ደግሞ ማሽኗ ቲፒኤም 2.0 (11 የሚጠይቀው የደኅንነት ቺፕ) የለውም። በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሚንት (ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ነፃ ሥርዓት፣ ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ) እንጫንልሽ አልናት። መጫኑ ራሱ ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ያለው ጣጣ ግን እስኪመሽ አልለቀቀንም። በፊት፦ ወደ 3 ጊጋ የሚጠጋ ፋይል ማውረድ፣ ፍላሽ ማዘጋጀት፣ ማሽኑ ሲነሳ ኤፍ12 ነው ኤፍ2 ነው እያሉ ቁልፍ መደብደብ። በኋላ፦ አማርኛ።

በወሩ መጨረሻ ለሰፈር ልጆች ሊኑክስ የምንጭንበት ቀን ይዘናል። እኔ ኪቦርዱንም ፎንቱንም አስገብተን፣ ጨርሰን እንስጥ ባይ ነኝ። የማይስማማ አለ?

ጋሽ መምህር፦
እኔ አለሁ። ኡቡንቱ (ሌላው የሊኑክስ ዓይነት) በሲዲ፣ በነፃ፣ በፖስታ የሚላክበት ዘመን ነበር፤ በፈረንጆቹ ከ2005 እስከ 2011። ሲዲው ሲደርሰኝ የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም፤ ሁለት ጊዜ ዲስኬን አጥፍቼ ነው የተማርኩት። ተጭኖለት የሚሄድ ሰው የሚቀለው የመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ድምፁ እምቢ ሲለው ወደ ፒያሳ ይሮጣል፤ እዚያ ደግሞ "ፎርማት ላድርግልህ" ይሉትና ክራክ የሆነ (ፈቃድ የሌለው) ዊንዶውስ ጭነው ይሸኙታል። ድካማችንን ውሃ በላው ማለት ነው።

ጽሕፈት ቤት፦
ያቺ ሴት እኔ ነኝ። ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እርስዎ ሲማሩ ወረፋ ይዞ የሚጠብቅዎት ደንበኛ አልነበረም። ሰኞ ጠዋት አንድ ሰውዬ ማመልከቻውን በፍላሽ ይዞ መጣ። ሊብረኦፊስ (የወርድ ነፃ ምትክ) ላይ ከፈትኩት። የተጻፈው በኒያላ (የማይክሮሶፍት የአማርኛ ፎንት) ነው፣ እኔ ጋ ደግሞ ኒያላ የለም፤ በሌላ ፎንት ተካውና መስመሩ ሁሉ ሰፋ። አንድ ገጽ የነበረው ማመልከቻ፣ "ከሰላምታ ጋር" የሚለውና የፊርማው ቦታ ብቻቸውን ሁለተኛ ገጽ ላይ ወረዱ። ሰውዬው ቆሞ ያየኛል። ቀጥሎ የመጣው ፋይል ባሰ፤ በድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ስለሆነ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ብቻ ነው የታየኝ። በሲዳምኛ የመጣው ሥራ በላቲን ስለሚጻፍ ያለ ጣጣ አለፈ። ጉድ የሠራኝ አማርኛው ነው።

ዴቨሎፐሩ፦
ሁለተኛው ፋይል የሊኑክስ ጥፋት አይደለም። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ለየፊደሉ የሚጋሩት የቁጥር ሰንጠረዥ) ውስጥ የገባው እንደ ፈረንጆች በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የግዕዙን ቅርጽ በላቲኑ ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ፎንቱ የሌለው ዊንዶውስም ያንኑ ያሳይሽ ነበር።

ጽሕፈት ቤት፦
ይሁን። እኔ ግን የማን ጥፋት እንደሆነ ለሰውዬው ሳስረዳ ጎረቤት ኮፒ ቤት ሄዶ አሠራው።

ካምፓስ፦
ከፎንቱም የባሰ አለ፤ መመሪያው። ጓደኛዬ ኡቡንቱ ላይ አንድ ፕሮግራም ሊጭን "ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ክፈትና ይህን ለጥፍ" የሚለውን ተከተለ። የይለፍ ቃል ጠየቀው። ሲጽፍ ስክሪኑ ላይ ምንም የለም፤ ኮከብ የለ፣ ነጥብ የለ። ኪቦርዱ የተበላሸ መሰለውና ሌላ ሊዋስ ጎረቤት ዶርም ሄደ። ሆን ተብሎ እንደሚደበቅ አንድ መስመር ቢጻፍለት ምን ነበረበት?

ዴቨሎፐሩ፦
እሱን አልክድም። መመሪያውን የምንሞክረው ሁሉ ነገር ቀድሞ በተጫነበት በራሳችን ማሽን ላይ ነው፤ ለእኛ ሁልጊዜ ይሠራል። የእኛንም እዩልን ግን። አንድ ፕሮግራም ስንሠራ ለዊንዶውስ አንድ፣ ለማክ አንድ፣ ሊኑክሱ ራሱ ዴቢያን ሌላ ፌዶራ ሌላ። ፍላትፓክ (በየሊኑክሱ ላይ የሚሠራ የፕሮግራም ማሸጊያ) ሸክሙን አቅልሎልናል፤ ፕሮግራሙ ከነጓዙ ስለሚወርድ ግን በኢንተርኔት ፓኬጅ ለሚጠቀም ሰው ኪስ ይጎዳል። ብዙዎቻችንም ያለ ደሞዝ፣ ማታ ማታ ነው የምንሠራው። ኪቦርዱማ አለ እኮ! አይባስ (የኪቦርድ ቋንቋ መምረጫው) ላይ ኤም17ኤን (የብዙ ቋንቋ ኪቦርዶች ጥቅል) ትጨምሪና፣ ወጥተሽ ተመልሰሽ ትገቢና፣ አማርኛ ሥር "ሴራ" የሚለውን ትመርጫለሽ።

ጽሕፈት ቤት፦
ሴራ? ወንድሜ፣ እኔ የማውቀው ሴራ ሌላ ነው። ማን ላይ ነው?

ዴቨሎፐሩ፦
ግዕዝን በላቲን ፊደል የመጻፊያ ስልት ስም ነው፣ አሕጽሮት ነው። በአማርኛ ምን እንደሚመስል ገና አሁን ነው ልብ ያልኩት።

የአቶቴው፦
ይኸው! ቅዳሜ ያስመሸን ይሄ ነው። ዕቃው አለ፣ ነፃ ነው፣ ግን ለማግኘት ስሙን ቀድመህ ማወቅ አለብህ። አቢሲኒካም እንደዚያው ነው፤ ቆንጆ ነፃ ፎንት፣ መኖሩን የሚነግርህ የለም። ጋሼ፣ "ይማር" የሚሉት ይሄንን ከሆነ ትምህርት ሳይሆን ወሬ መስማት ነው።

ጋሽ መምህር፦
ኪቦርድና ፎንቱን ለቀቅኩልህ፤ ልጆቹ በዚያ አይሰቃዩ። አንድ ቦታ ላይ ግን ፈቀቅ አልልም። ሲጫን ዲስኩን ምን ላድርገው ብሎ የሚጠይቅበት ገጽ አለ። አንዱ ምርጫ ዲስኩን እንዳለ ያጠፋዋል፤ ያም እንደሌሎቹ አንዲት ጠቅታ ነው። እኔ ያኔ ዲስኬን ያጠፋሁት ከብዶኝ አይደለም፣ ቀልሎኝ ነው። እዚያ ገጽ ላይ ማውሱን ባለቤቱ ይያዝ። ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ፎቶውና ፋይሉ የት እንደተቀመጠ ይናገር፤ ከዚያ ይጫን። እናንተ እጃችሁን ሰብስቡ።

የአቶቴው፦
በዚህስ እስማማለሁ። ሰባት ፍላሽ አለን፣ አንዱ አይሠራም። ፎንቱንና ኪቦርዱን ያለ ኢንተርኔት እንዲገቡ አድርጎ ማን ያዘጋጅልን?

ዴቨሎፐሩ፦
እኔ። በአዲስ ማሽን ላይ እሞክረዋለሁ፣ ቃሌ ነው። "ሴራ" የሚለውንም በሌላ ስም አወጣዋለሁ።

ካምፓስ፦
እኔ ያችን የዲስክ ገጽ በአማርኛ አብራርቼ አንድ ወረቀት ላይ አወጣታለሁ። የሚያትምልኝ ካለ።

ጽሕፈት ቤት፦
ኮፒው በእኔ ነው። ፋይሉን ግን በኒያላ እንዳትልክልኝ።