ስፔክትረም 48ኬ፦ ጌም ከስልክ ስጭን መሃል ላይ ይቆማል

ጀማሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዜድኤክስ ስፔክትረም 48ኬ (ጌም ከካሴት ድምፅ የሚጭን የድሮ የቤት ኮምፒውተር) ላይ ጌም ከስልክ ልጭን እየሞከርኩ ነው። የቲዜድኤክስ ፋይሉን (የካሴቱን ቅጂ) ወደ ኤምፒ3 ቀየርኩት፤ ተራ የስቴሪዮ ገመድ ከስልኩ ወደ «ኢር» (ድምፅ መቀበያ) ቀዳዳ ሰካሁ፤ የጄ ቁልፍ (ሎድ የሚለው ትእዛዝ)፣ ከዚያ ሲምቦል ሺፍትን ይዤ የፒ ቁልፍ ሁለቴ፣ ኤንተር፣ ማጫወት። የጌሙ ስም ይወጣል፣ የስክሪኑ ዳር ላይ ሰማያዊና ቢጫ መስመሮች ይጀምራሉ፣ ከዚያ «አር ቴፕ ሎዲንግ ኤረር» ብሎ ይቆማል። አንዳንዴ ወዲያው፣ አንዳንዴ ሥዕሉ ተሥሎ ሊያልቅ ሲል። የተበላሸው ማሽኑ ነው ወይስ ሌላ ነገር አለ?

ጎማ_ቁልፍ፦
ማሽኑን ተወው። ስሙ ስክሪኑ ላይ ከወጣ ቀዳዳውም ሮሙም (የማሽኑ ቋሚ ሜሞሪ) እየሠሩ ናቸው። ስሙን የያዘው ሄደር 17 ባይት ብቻ ስለሆነ በደካማ ምልክትም ያልፋል። ሥዕሉ ግን 6912 ባይት ነው። ከዚያ ውስጥ አንዲት ቢት ብትሳሳት መጨረሻ ላይ ያለው የማረጋገጫ ባይት አይገጥምም፣ ብሎኩ (አንድ ላይ የሚነበበው የዳታ ክፍል) በሙሉ ይጣላል።

ከስህተቱ ጽሑፍ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አልነገርከንም፤ እሱን እይ። 0:1 ከሆነ የወደቀው በመጀመሪያው ብሎክ፣ አንተ ራስህ በሰጠኸው ትእዛዝ ላይ ነው። 20:3 ዓይነት ከሆነ ግን የቤዚክ ሎደሩ (ቀሪውን የሚጠራው ትንሽ ፕሮግራም) በደህና ገብቶ ሥራ ጀምሯል፣ የወደቀው እሱ የጠራው ብሎክ ነው ማለት ነው።

ኤምፒ3ውን አጥፋው። ኤምፒ3 የሚያንሰው የሰው ጆሮ ልብ የማይለውን እየቆረጠ ነው። ስፔክትረም ደግሞ ድምፅ አያዳምጥም፣ ጊዜ ነው የሚለካው፦ 0 ማለት እያንዳንዳቸው 244 ማይክሮሰከንድ የሆኑ ሁለት ምቶች (የምልክቱ መውጣትና መውረድ)፣ 1 ማለት 489 የሆኑ ሁለት ምቶች። የምቱ ጫፍ ትንሽ ከተንሸራተተ 0ው 1 ይሆንበታል። ከቲዜድኤክሱ በቀጥታ ወደ ዌቭ (ያልተጨመቀ የድምፅ ፋይል) ቀይር፤ ሞኖ፣ 8 ቢት፣ 44100 ኸርዝ ይበቃል። ከፊውዝ ኢሙሌተር (ስፔክትረምን የሚያስመስል ፕሮግራም) ጋር የሚሄደው ቴፕቱዌቭ ይህን ይሠራል። በ44100 አንዷ አጭር ምት ወደ 11 ናሙና ይደርሳታል፤ በ22050 ግን 5 ብቻ፣ ያ ለእኔ ጠባብ ነው። የ5 ደቂቃ ጌም 13 ሜጋባይት ገደማ ይወጣዋል፣ ለስልክ ምንም አይደለም።

ሰንበር፦
ኤምፒ3ው አንድ ነገር ነው፤ እኔ ግን ከገመዱ እጀምር ነበር። ኢር ቀዳዳው ሞኖ ነው። የስቴሪዮ ሶኬት ስትሰካበት የመሃሏ ቀለበት ከመሬቱ ጋር ትነካካለች፣ የስልኩ ቀኝ ቻናል ሾርት ይሆናል ማለት ነው። አንዳንዱ ስልክ ይችለዋል፣ ሌላው ድምፁ ይበላሽበታል። በኮምፒውተሩ በኩል የሞኖ ሶኬት ያለው ገመድ ሥራ፦ ከስልኩ ጫፉን (ግራ ቻናል) እና መሬቱን ብቻ ውሰድ፣ የቀኙን ሽቦ ቆርጠህ በቴፕ ሸፍነህ ተወው።

ድምፁን እስከ መጨረሻው ክፈት። ይህ ቀዳዳ የተሠራው ከቴፕ ሪኮርደር የጆሮ ማዳመጫ ለሚወጣ ጠንካራ ምልክት ነው፤ የስልክ ምልክት ከዚያ ያንሳል። ጆሮ ለመጠበቅ የሚመጣውን ማስጠንቀቂያ እሺ ካላልከው ስልኩ ሳታውቅ ይቀንስብሃል። ኢኳላይዘር፣ ባስ ማጉያ፣ «ድምፅ አሻሽል» የሚል ነገር ሁሉ ይጥፋ። ስልኩ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይሁን፤ አንዲት የመልእክት ድምፅ 4 ደቂቃ የፈጀ ጭነት ታበላሻለች። ሙሉ ድምፅም ካልበቃ ትንሽ አምፕሊፋየር መሃል አስገባ።

ከዚያ የስክሪኑን ዳር ተመልከት፣ ከማንም በላይ የሚነግርህ እሱ ነው። ከሄደሩ በፊት 5 ሰከንድ፣ ከዳታው በፊት 2 ሰከንድ ያህል ቀይና ውሃ ሰማያዊ ሰንበር ይታያል፤ ወፍራም፣ እኩል፣ ዝግ ብሎ የሚንሸራተት መሆን አለበት። ቀዩ ሰፍቶ ውሃ ሰማያዊው ከቀጠነ ወይም ሰንበሩ እየዘለለ ከሆነ ዳታው እስኪመጣ አትጠብቅ፤ ካፕስ ሺፍትና ስፔስ ተጭነህ አቁም፣ ድምፁን አስተካክልና ከመጀመሪያው አጫውት። ዳሩ ጨርሶ ካልተንቀሳቀሰ ምልክት አልደረሰም፤ ሶኬቱ በ«ማይክ» (ድምፅ ማውጫው) በኩል ተሰክቶ እንደሆነ እይ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው።

ጀማሪው፦
እናመሰግናለን! ገመዱን ቀየርኩ፣ ዌቭ አደረግኩ፣ ሁለት ጌም ያለምንም ስህተት ገባ። ሦስተኛው ግን ሌላ ጣጣ አለው፦ መጀመሪያው ደህና ይገባል፣ ከዚያ መስመሮቹ ቀለማቸው ይለወጣል፣ በጣም ይቀጥናሉ፣ መጨረሻ ላይ ምንም ስህተት ሳይጽፍ ማሽኑ ሪሴት ሆኖ «1982 ሲንክሌር ሪሰርች» የሚለው ጽሑፍ ይመጣል።

ጎማ_ቁልፍ፦
እሱ የራሱ ፈጣን ሎደር ያለው ጌም ነው። የመጀመሪያው ብሎክ በሮሙ ፍጥነት ይገባና ቀሪውን ጌሙ ራሱ ያነባል፣ ምቶቹም ያጥራሉ። እንደዚህ ያሉት ብዙዎቹ ሲሳሳቱ መልእክት አይጽፉም፣ ኮፒ አድራጊን ለማስቸገር ሪሴት ያደርጋሉ። ስለዚህ ችግሩ ያው የምልክት ነው፣ ይኸኛው ጥብቅ ስለሆነ ነው። ከፍተኛ ጥራት ባለው ዌቭ ሞክር፣ ድምፁንም አንድ ደረጃ ዝቅ ወይም ከፍ እያደረግክ ደጋግመው። ምንጩም ታፕ (ሌላው የካሴት ፋይል ዓይነት) ሳይሆን ቲዜድኤክስ ይሁን፤ ታፕ መደበኛውን ብሎክ ብቻ ነው የሚይዘው፣ ልዩ ፍጥነቱን አይመዘግብም።

በነካ እጅህ ሜሞሪውን አረጋግጥ፦ ፕሪንት ፒክ 23732 + 256 * ፒክ 23733። 65535 ካለህ 48ኬ ነው። 32767 ካለህ ማሽኑ የሚያየው 16ኬ ብቻ ነው፣ ያን ጊዜ የላይኛው ራም ቺፕ ላይ ነው ሥራው።

ቢት_ለቃሚ፦
በድምፅ መጫኑ ከሰለቸህ ዲቭኤምኤምሲ የሚባለውን የኤስዲ ካርድ ኢንተርፌስ ከኋላ ትሰካለህ። ግን ይህ ሦስተኛው ጌምህ እሱም ላይ በታፕ አይሠራም። ዲቭኤምኤምሲ ታፕን የሚያቀርበው ሮሙ ውስጥ ያለውን የንባብ ክፍል እየጠለፈ ነው፤ የራሱን ሎደር የያዘ ጌም ደግሞ እዚያ አይደርስም። መላው ስናፕሾት (የሜሞሪው የዚያ ቅጽበት ቅጂ) ነው፦ ቲዜድኤክሱን ፊውዝ ላይ ጭነህ የመጀመሪያው ሜኑ ሲመጣ በኤስኤንኤ (የስናፕሾት ፋይል ዓይነት) አስቀምጥ። የ48ኬ ኤስኤንኤ ልክ 49179 ባይት ነው፤ ከዚያ የተለየ መጠን ካየህ ወይ የ128 ስናፕሾት ነው ወይ ተቆርጧል።

ቀጣዩን ደረጃ እንደገና ከካሴት የሚጠራ ጌም ከሆነ ግን ስናፕሾቱ መጀመሪያውን ብቻ ነው የሚያድንልህ። ለእሱ ያው ወደ ስልክህ ትመለሳለህ፤ «ቴፑን አስነሳ» ሲልህ ዌቩን ካቆምክበት አስቀጥል፣ ከመጀመሪያው አይደለም።